ዛንዚባር በአነስተኛ ወጪ፦ ወሩን፣ ዳርቻውንና ሰዓቱን መምረጥ

(ምስል፦ ስቶን ታውን ከጀልባ ላይ ስትታይ)

ወደ ዛንዚባር ለመሄድ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሆቴል ዋጋ ነው። ሆኖም ያ ዋጋ ራሱ የሚወጣውና የሚወርደው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንዱ የምትሄዱበት ወር ሲሆን ሌላው በደሴቲቱ ላይ የምታርፉበት ዳርቻ ነው።

ከወሩ እንጀምር። ወሮቹን የምጠራቸው ትኬት በሚቆረጥበት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ናት፤ ወቅቶቿ የሚለዩት በነፋስና በዝናብ ነው። ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ የሚዘንበው ረጅሙ ዝናብ ማሲካ ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ዋጋ በእጅጉ ይወርዳል፣ ነገር ግን አንዳንድ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። በኖቬምበር አካባቢ የሚመጣው ቩሊ ግን አጭር ዝናብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጥሎ ወዲያው ያባራል። በጁላይና በኦገስት፣ እንዲሁም በገናና በአዲስ ዓመት ሰሞን ጎብኚ ስለሚበዛ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። የእኔ ምርጫ ዝናቡ አብቅቶ ሕዝቡ ገና ያልጎረፈበት የጁን መጀመሪያ ነው።

(ምስል፦ ውኃው የሸሸበት የፓጄ ዳርቻ፣ የባሕር አረም የሚሰበስቡ ሴቶች)

ብዙ ጎብኚዎችን የሚያስከፋው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ውኃው ወደ ኮራሉ አለት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሸሻል፤ ለመዋኘት የመጣው እንግዳ አሸዋና ኩሬ ብቻ ያገኛል። ሙላቱና ጉድለቱ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ የሚፈራረቁ ሲሆን፣ ሰዓታቸው በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ልዩነታቸው ይሰፋል። በሰሜን ጫፍ በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ውኃው ብዙ ስለማይርቅ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል፤ በዚሁ ምክንያት አካባቢው ይጨናነቃል፣ ማረፊያውም በአመዛኙ ይወደዳል። ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ ምሥራቁን የሚመርጥ ሰው ክፍል ከመያዙ በፊት የዚያን ሳምንት የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ቢመለከት ይጠቀማል። ባሕሩ ጎድሎ ሴቶቹ የባሕር አረም ሲያለሙ ማየት በራሱ ክፍያ የሌለው ጉብኝት ነው፤ ፎቶ ለማንሳት ግን አስቀድሞ ማስፈቀድ ተገቢ ነው።

ወደ ደሴቲቱ ለመግባት ከዳሬሰላም የሚነሳው ፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ከነዋሪው የበለጠ መሆኑን አውቃችሁ በጀታችሁን አስሉ፤ ትኬቱንም ወደብ ላይ እየተከተሉ ከሚያዋክቡ ደላሎች ሳይሆን ከጀልባው ድርጅት ቢሮ ወይም ድረ ገጽ ግዙ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ የዛንዚባርን የጉዞ መድን እንዲገዛ ግዴታ ተጥሏል፤ ሲጀመር ለአንድ አዋቂ 44 የአሜሪካ ዶላር የነበረ ሲሆን፣ ሌላ መድን ያለው ሰውም ከዚህ ነፃ አይሆንም። ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ የክትባት ማረጋገጫውን መያዝ አለበት።

(ምስል፦ የስቶን ታውን ጠባብ መንገዶችና የተቀረጹ የእንጨት በሮች)

በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ስቶን ታውን በእግር የምትታይ ከተማ ናት። መንገዶቿ እጅግ ጠባብ በመሆናቸው በአብዛኞቹ መኪና አይገባም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች እዚህ ማደር የትራንስፖርት ወጪን ያስቀራል። ቀን ቀን ፍራፍሬ ከዳራጃኒ ገበያ መግዛት፣ ማታ ደግሞ በፎሮዳኒ የአትክልት ስፍራ የተጠበሰ ሥጋ፣ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ወይም ኡሮጆ የተባለውን ጎምዛዛ ሾርባ መቅመስ ይቻላል። በፎሮዳኒ ዋጋውን ሳይጠይቁ ሳህን መሙላት ውድ ስህተት ነው። በረመዳን ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉና ጉዞው በዚያ ወር ከሆነ ይህንን አስቡበት። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነም በከተማው ውስጥ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ይገባል። በታክሲ ብዙ የሚጠየቅበትን ወደ ኑንግዊ የሚወስደውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዳላዳላ በሚባለውና በታንዛኒያ ሽልንግ በሚከፈልበት የሕዝብ ሚኒባስ መሄድ ይቻላል። ዳላዳላ ግን በየቦታው ስለሚቆም ይዘገያል፣ አመሻሹ ላይም ይጠፋል፤ ትልቅ ሻንጣ ይዞ መሳፈርም አይመችም።

በመጨረሻ አንድ የሚያስደስት ነገር ልጥቀስ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከጠዋቱ ነው፤ እነርሱ «ሳ ሞጃ» የሚሉት እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የምንለው ነው። የጀልባው ትኬት ግን ይህንኑ ሰዓት 7:00 ብሎ ይጽፈዋል፤ የዳላዳላው ረዳት «ሳ ሳባ» (ሰባት ሰዓት) ቢላችሁ ደግሞ በስልካችሁ ላይ 13:00 ማለት ነው። ስለዚህ የመመለሻችሁን ሰዓት ስትጠይቁ በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገራችሁ አረጋግጡ።