ለርዕሰ መምህር እውነቱን ማን ይንገር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ርዕሳነ መምህራን ከመምህራን፣ ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከሱፐርቫይዘር ስለሚያገኙት ግብረ መልስ ናቸው።

ከኩታበር የደወሉ መምህር፦ ያለነው ስምንት መምህራን ነን። ስለ ርዕሰ መምህራችን መጠይቅ እንድንሞላ ተጠይቀናል። ስም አይጻፍም ቢባልም ርዕሰ መምህራችን የሁላችንንም የእጅ ጽሑፍ ያውቃሉ። እንዴት አድርገን እውነቱን እንሙላ?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ስም መተው ብቻውን ማንንም አይሰውርም። መጠይቁ ላይ የሚደረገው ምልክት ብቻ ይሁን። ጾታ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የሚያስተምሩት ትምህርት የሚሉት መስመሮች ይውጡ። ብቸኛዋ የፊዚክስ መምህርት በዚያች አንድ መስመር ትታወቃለች። በጽሑፍ የሚሰጥ አስተያየት በሌላ ወረቀት ይሁንና ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ሰው አሳጥሮ በራሱ አነጋገር በኮምፒዩተር ይጻፈው፤ ጸሐፊውን የሚያጋልጥ ነገር ካለ ያስቀረው። የተሞላው መጠይቅ የሚገባበትን ሳጥን ምክትሉም ሆኑ የጉድኝቱ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር አይክፈቱት፤ ሱፐርቫይዘሩ ራሳቸው መጠይቁን ከሚሞሉት አንዱ ናቸው። ከሌላ ጉድኝት የመጣ ሰው ወይም ከደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አንድ አሠልጣኝ ቢገኝ ይሻላል።

ከአንድ ወገን፣ ለምሳሌ ከመምህራን ወይም ከወላጆች፣ የሞሉት ከ3 በታች ከሆኑ ውጤታቸው ለብቻው አይወጣም። እንደ እናንተ ባለ ትንሽ ትምህርት ቤት እኛ ብንሆን 5 ሰውን ዝቅተኛ ቁጥር እናደርግ ነበር። ስምንታችሁን አንደኛ እርከን፣ ሁለተኛ እርከን ብሎ መከፋፈልም አያስፈልግም። አማካይ ብቻ እንዳይቀርብ ግን ተጠንቀቁ፦ ከ5 ነጥብ አራት ሰው 5፣ አራት ሰው 1 ቢሰጥ አማካዩ 3 ይሆናል፤ "መካከለኛ" ተብሎ ይታለፋል፣ ትምህርት ቤቱ ግን ለሁለት ተከፍሏል።

ከሐይቅ የደወሉ ርዕሰ መምህርት፦ አስሞልቼ ሁሉም "በጣም ጥሩ" አለኝ። ምን እማርበታለሁ?

መልስ፦ ምንም። ጥፋቱ ግን የመምህራኑ ብቻ አይደለም። "አመራራቸው እንዴት ነው?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። የሚታይ ነገር ይጠየቅ፦ "ባለፈው ሴሚስተር ክፍሌ ገብተው ትምህርቴን ስንት ጊዜ ተመለከቱ? 0፣ 1፣ 2፣ 3 እና ከዚያ በላይ።" "ከተመለከቱ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ አወያይተውኛል?" ቁጥር ማጋነን ከማሞገስ ይከብዳል። "ያዳምጣሉ፣ ፈጥነውም ይወስናሉ" የመሰለ ጥያቄ ለሁለት ይከፈል፤ አዳምጠው የማይወስኑ አሉና። ከ20 እስከ 25 ጥያቄ በቂ ነው፤ ከ15 ደቂቃ ካለፈ የመጨረሻው ገጽ ሳይነበብ ይሞላል። "አላየሁም" የሚል ሳጥንም ይኑር፣ አለዚያ የማያውቀው ሁሉ መሐሉን ይመርጣል።

ያንኑ መጠይቅ እርስዎም አስቀድመው ስለ ራስዎ ይሙሉ። እርስዎ 3 ጊዜ ገብቻለሁ ብለው መምህራኑ 1 ካሉ፣ የሚሠራበት ቦታ እዚያ ነው።

ከባቲ የደወሉ የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት (ወተመህ) አባል፦ ብዙው ወላጅ አያነብም፤ አማርኛም የማይናገር አለ።

መልስ፦ አብሽሩ፣ ወረቀት የግድ አይደለም። አምስት ጥያቄ በቃል፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ ወይም በአማርኛ ይጠየቅ። ጠያቂው መምህር አይሁን፤ ልጆቻቸውም አያስተርጉሙ። ክዳናቸው የተበሳ ሦስት ቆርቆሮዎች ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጡ፦ አዎ፣ አንዳንዴ፣ የለም። ወላጁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የበቆሎ ፍሬ ይጣል፤ ለቀጣዩ ጥያቄ ከመሄዳችሁ በፊት ተቆጥሮ ይመዝገብ። ሰኞ ግን አትጥሩ፣ ገበያ ነው።

ከአንድ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የደወሉ ባለሙያ፦ የመጠይቁን ውጤት ከርዕሳነ መምህራኑ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር ብንደምረውስ?

መልስ፦ አይደመር። ደረጃና ሹመት ከተንጠለጠለበት ወዳጅ ይጨምራል፣ ቅያሜ ያለው ይቀንሳል፣ ርዕሰ መምህሩም የሚያሻሽሉትን ትተው የሰጪውን ማንነት ፍለጋ ይገባሉ። ተመራማሪዎቹ አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ግብረ መልስ ከተደረጉ ጥናቶች ከ600 በላይ ውጤቶችን ሲያነጻጽሩ ከሲሶው በላይ በሚሆኑት ግብረ መልሱ ሥራውን ጭራሽ አዳክሞታል። ማብራሪያቸውም የሰውየው ሐሳብ ከሥራው ላይ ተነሥቶ ወደ ገዛ ክብሩ ሲዞር ጉዳቱ ይመጣል የሚል ነው። በግምገማ አዳራሽ ውጤቱን ማንበብማ ከዚህም የከፋ ነው።

ጊዜውም ከሰኔው የአፈጻጸም ምዘና ይራቅ፤ የካቲት፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር፣ ምቹ ነው። ውጤቱ ለርዕሰ መምህሩ ብቻ ይሰጥ፣ ከሚያምኑት ልምድ ያለው ሰው ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይመልከቱት፤ አሥር ነገር ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ይምረጡ። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት ክፍል ይመጣል፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ መምህራኑን ሰብስበው "ይህን ነገራችሁኝ፣ ይህን አደርጋለሁ፣ እስከዚህ ቀን" ይበሉ። ዎከርና ስሚዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ለ5 ዓመት በተከታተሉት ጥናት ውጤታቸውን ይዘው ከበታቾቻቸው ጋር የተወያዩት ኃላፊዎች ካልተወያዩት የበለጠ ተሻሽለዋል። በስብሰባው ላይ ራስን መከላከልና "እንዲህ ያላችሁት መቼ ነው?" ማለት አይገባም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሳጥኑ በ"በጣም ጥሩ" ይሞላል። በመጪው የካቲት እነዚያኑ ጥያቄዎች ሳይቀይሩ ይድገሙ፤ ጽሕፈት ቤቱ ማወቅ ያለበት ስብሰባው መካሄዱንና የተመረጠውን ሥራ እንጂ ነጥቡን አይደለም።