ሌንስ ለምታደርጉ፦ ውሃ አታስነኩት

(ማለዳ፣ መስኮት ዳር። ትንሽ መስታወት፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የሌንስ ኬዝ። ከጀርባ ሦስት ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል።)

ሰላም፣ እንደምን አላችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ኮንታክት ሌንስ ነው። የምቀርጸው ቤቴ ሆኜ ነው፤ ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።

ሰፈሬን የጠራሁት በምክንያት ነው። ስለ ሌንስ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ብዙ አይቻለሁ። አብዛኞቹ የተሠሩት ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ውሃ በሚወርድበት አገር ነው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ እንቀዳለን፣ በጄሪካን ይቀመጣል፣ በሮቶ ይጠራቀማል። መንገዱ አቧራ ነው። መገናኛ ለመድረስ ሰልፍ አለ፣ ከሰልፉ በኋላ ደግሞ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ አለ። ይሄ ሁሉ ዓይናችን ላይ ያለችውን ስስ ሌንስ ይነካታል።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

አንድ ማታ ሶሉሽኔ፣ ማለትም ሌንሱ የሚታጠብበትና የሚያድርበት ፈሳሽ፣ አለቀ። ሰዓቱ 3 ተኩል ሆኗል፣ የሰፈሩ ፋርማሲ ተዘግቷል። ኬዙን ከጄሪካን በቀዳሁት ውሃ ሞላሁና ሌንሶቼን እዚያ ውስጥ አሳደርኳቸው። ለአንድ ቀን ምን ይመጣል ብዬ ነው። ጠዋት አድርጌያቸው ሥራ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ግራ ዓይኔ ቀላ። ማታ ላይ ብርሃን ማየት አቃተኝ። የስልኬን መብራት እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌው እንኳ ዓይኔ ያነባ ነበር።

ሐኪሟ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ቀጭን ወረቀት ወደ ዓይኔ አስጠጋች፤ ጫፉን ብቻ ነካ አደረገችኝ። ከዚያ ሰማያዊ መብራት አበራች። ፎቶውን አሳየችኝ። መሃል ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነጥብ ታበራለች። ቁስሉ እሱ ነው። ቀጥላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ሌንስዎን በምን ነው የሚያጥቡት?»

ለሁለት ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ ጠብታ ማድረግ ነበረብኝ። በየሰዓቱ ማለት ሌሊት 8 ሰዓትም፣ 9 ሰዓትም፣ 10 ሰዓትም በአላርም መነሳት ማለት ነው። ዓይኔ ዳነልኝ። ተመስገን። ግን ያቺን የጤፍ ፍሬ አልረሳትም።

(ሥዕል፦ ዓይን ከጎን ሲታይ፤ ከፊት ያለው ግልጽ ሽፋን በቀለም ተለይቷል።)

አሁን ለምን እንደዚህ እንደሚሆን እንይ። ከዓይናችን ፊት ለፊት እንደ መስታወት ግልጽ የሆነ ሽፋን አለ። ኮርኒያ ይባላል። ውፍረቱ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግልጽ እንዲሆን ሲባል ደም ሥር የለውም። ስለዚህ ኦክስጅን የሚያገኘው ከደም ሳይሆን በቀጥታ ከአየር ነው፣ በእንባ በኩል። ሌንስ ስናደርግ ይሄን አየር እንቀንስበታለን። በዚያ ላይ ኮርኒያ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ጀርም መግቢያ ያገኛል። ቁስሉ ቢድን እንኳ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ጠባሳው መሃል ላይ ካረፈ ደግሞ እይታን ያደበዝዛል።

ሌንሱ ራሱ ውሃ ይጠጣል። ይሄን ልብ በሉልኝ። ለስላሳውን ሌንስ የሠራው ኦቶ ቪችተርለ የተባለ የቼክ ኬሚስት ነው። በፈረንጆቹ 1961 ገና ሰሞን፣ እቤቱ ሆኖ፣ ከልጆች የብረት መጫወቻና ከብስክሌት ዳይናሞ በገጣጠማት ማሽን ነበር የሠራው። ልስላሴው የሚመጣው ውሃ በመምጠጡ ነው። የሚመጠው ውሃ ውስጥ ያለው ነገርም አብሮ ይገባል፣ ይለጠፋል።

ውሃችን ውስጥ ምን አለ? አካንታሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ አለ። አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ቧንቧ ውስጥ ይኖራል፣ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደግሞ ይመቸዋል። ብንጠጣው ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርገንም። ከሌንስ ጋር ኮርኒያ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲጠቃ ጠንካራ ቅርፊት ሠርቶ ውስጡ ይደበቃል፤ ስለዚህ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። በጣም ያማል። በሽታው ብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ግን ከሚይዛቸው ውስጥ አብዛኞቹ ሌንስ የሚያደርጉ ናቸው።

«የሃይላንድ ውሃስ?» ትሉኛላችሁ። አይሆንም። ለመጠጥ ንጹሕ ነው፣ ለሌንስ ግን ከጀርም ነጻ አይደለም። የፈላ ውሃም አይሆንም፤ ሲቀዘቅዝና ዕቃ ሲቀያየር ጀርሙ ይመለሳል። ጨው በውሃ በጥብጦ መጠቀም የባሰ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አካንታሜባ የያዛቸው ብዙዎቹ ሌንሳቸውን ቤት በበጠበጡት የጨው ውሃ የሚያጥቡ ሰዎች ነበሩ። ምራቅማ በፍጹም። አፋችን በባክቴሪያ የተሞላ ነው።

ገላ ስትታጠቡም አውልቁት። ፀበል የምትጠመቁ፣ ከመግባታችሁ በፊት ሌንሱን አውጥታችሁ ኬዙ ውስጥ አስቀምጡ፤ ጥምቀት ላይ ፀበል ሲረጭም እንዲሁ። ለእንደዚህ ዓይነት ቀን መነጽር ይሻላል። ውዱእ የምታደርጉ ደግሞ ፊታችሁን ስትታጠቡ ዓይናችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ጨፍኑ፣ ሳትገልጡ በንጹሕ ፎጣ አድርቁ።

(እጅ በቅርበት፤ ከማንቆርቆሪያ ውሃ ይንቆረቆራል።)

አሁን በተግባር እንየው። እጄን በሳሙና እየታጠብኩ ነው። ውሃ ስለሌለ በማንቆርቆሪያ ነው። ይበቃል፣ ዋናው ሳሙናውና መታሸቱ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ማድረቅ። እጃችሁ ላይ የቀረችው ጠብታ ያው የጄሪካን ውሃ ናት። ብናኝ በማይተው ሶፍት ወይም ንጹሕ ጨርቅ፣ በጣቶች መሃል ሳይቀር አድርቁ።

ሌንሱን ሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ አደርገዋለሁ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ላዙረው። ታያላችሁ? ጠርዙ እንደ ቡና ሲኒ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከቆመ ትክክል ነው። እንደ ሲኒው ማስቀመጫ ሰሃን ወደ ውጭ ከተዘረጋ ተገልብጧል። ተገልብጦ ቢገባ ያን ያህል አይጎዳም፤ ይቆረቁራል፣ ቦታው አይረጋም። አውጥታችሁ በሶሉሽን አለቅልቁና ገልብጡት።

ሁልጊዜ ከቀኝ ዓይን ጀምሩ። ቀኝና ግራ እንዳይምታታ ነው። ኩልና ሜካፕ ከሌንስ በኋላ፤ ማታ ደግሞ ሌንሱ ቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያ ሜካፑ ይታጠባል።

አንድ የእኛ ቤት ጉዳይ አለ። በርበሬ። ሚጥሚጣ፣ ቃሪያ፣ ድልህ የነካ እጅ በአንድ እጥበት አይጸዳም። የሚያቃጥለው ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ዘይት ውስጥ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁን በምግብ ዘይት እሹ፣ ከዚያ በሳሙና ደጋግማችሁ ታጠቡ። ከሁሉ የሚሻለው ሌንሱን ቃሪያ ከመክተፋችሁ በፊት ማውለቅ ነው። በርበሬ የነካውን ሌንስ አታባብሉት፣ ጣሉት። አጥባችሁም ያቃጥላል።

(መዳፍ በቅርበት፤ ሌንስ በሶሉሽን ይታሻል።)

ማታ ስታወልቁ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ሶሉሽን ጠብ አድርጉበት፣ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ በሁለቱም በኩል እሹት፣ በሶሉሽን አለቅልቁት። ጠርሙሱ ላይ «ማሸት አያስፈልግም» ቢልም እሹት። ኬዙ ውስጥ አዲስ ሶሉሽን ሙሉ። የትናንቱ ላይ አትጨምሩበት። ሶሉሽን ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እየቆጠብኩ የትናንቱን የምጠቀምበት ጊዜ ነበር። ግን የትናንቱ ኃይሉን ጨርሷል፤ ጀርም አይገድልም።

ስትገዙ ደግሞ ጠርሙሱን አንብቡ። ሳላይን ማለቅለቂያ ብቻ ነው፣ ጀርም አይገድልም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ዓይነት ጥሩ ነው፤ ግን አብሮት በሚመጣው በራሱ ኬዝ ቢያንስ 6 ሰዓት መቀመጥ አለበት። ከዚያ በፊት ዓይን ከነካ ክፉኛ ያቃጥላል።

ኬዙን ጠዋት አፍስሱት፣ በሶሉሽን አለቅልቁት፣ በሶፍት ጥረጉትና ክፍቱን ገልብጣችሁ አድርቁት። በየ3 ወሩ ቀይሩት።

ስለ እንቅልፍ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው ሌንስ አድርጎ መተኛት ዓይን የመመርቀዝ አደጋን ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይጨምራል። የታክሲ እንቅልፍም እንቅልፍ ነው። እኔ ከመገናኛ ስመለስ እንቅልፍ ስለሚያሸንፈኝ ማታ ማታ መነጽር አደርጋለሁ። ሌንሴን ከቢሮ ሳልወጣ አወልቀዋለሁ። መብራት ስለሚጠፋም ቤት ደርሼ በሻማ ከመታገል ይሻለኛል።

(ሥዕል፦ የዓይን ቆብ ከውስጥ፤ ሽፋኑ ወደ ዓይን ነጩ ሲታጠፍ።)

አሁን ወደሚያስደነግጡን ነገሮች እንምጣ። ሌንስ ዓይን ውስጥ ሲጠፋ ብዙ ሰው ወደ ጭንቅላት የገባ ይመስለዋል። አይገባም። የዓይን ቆባችን ውስጠኛ ሽፋን ታጥፎ ከዓይኑ ነጭ ጋር ተያይዟል፤ ከኋላው መንገድ የለም። ብዙ ጊዜ ከላይኛው ቆብ ሥር ተጣጥፎ ነው የሚገኘው። የሌንስ ማርጠቢያ ጠብታ አድርጉ፣ ወደ ታች እያያችሁ ቆባችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች እሹ። ብቅ ይላል።

ደርቆ ከተጣበቀስ? በጋ ላይ፣ ነፋሱና አቧራው ሲበረታ ይሄ ያጋጥማል። በጥፍር አትቆንጥጡት፤ ኮርኒያችሁ አብሮ ይላጣል። ጠብታ አድርጉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ጨፈን ገለጥ አድርጉ። መንሸራተት ሲጀምር ብቻ አውጡት። አቧራ ገብቶ ሲቆረቁርም አትሹት፤ አውጥታችሁ በሶሉሽን እጠቡት። የተቀደደ ሌንስ፣ ቅዳዱ የፀጉር ያህል ቢሆንም፣ አይደረግም።

ባለ ቀለም ሌንስን በተመለከተ ሙሽሮችንና ሚዜዎችን እለምናለሁ። ቁጥር የሌለው፣ ለውበት ብቻ የሚደረግ ቢሆንም ያው ዓይን ላይ ነው የሚቀመጠው። ኩርባውና ስፋቱ ለእናንተ ዓይን መለካት አለበት። ከልብስ ቤት አትግዙት። እህት ለእህት፣ ጓደኛ ለጓደኛ አትዋዋሱት። የመነጽር ቁጥር ያላችሁም በመነጽር ወረቀታችሁ ሌንስ አትግዙ፤ ቁጥሩ ከ4 ሲያልፍ የሌንሱና የመነጽሩ አንድ አይሆንም።

የመጨረሻው ቀይ ዓይን ነው። ዓይናችሁ ከቀላ ወዲያው ሌንሱን አውልቁ። ካወለቃችሁም በኋላ ካመማችሁ፣ ብርሃን ካስጠላችሁ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ መግል ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ከሰፈራችን ሩቅ ነው፣ ታክሲውም ያሰለቻል። ቢሆንም ነገ አትበሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ትልቅ የዓይን ሕክምና ክፍል አለው፤ የዓይን ክሊኒኮችም አሉ።

ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ ጠብታ አትግዙ። በተለይ ዴክሳሜታሶንን የመሰለ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ቅላቱን ያጠፋል፣ የተሻላችሁ ይመስላችኋል፣ ጀርሙ ግን ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። የጡት ወተት ጠብ ማድረግም ይቅር። ዓይኑንም በፋሻ አትሸፍኑት።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ያወለቃችሁትን ሌንስ ከነኬዙ፣ ሶሉሽኑንም ጭምር ያዙ። ጀርሙ የትኛው እንደሆነ ከዚያ ላይ ሊመረመር ይችላል። ውሃ ነክቶት ከነበረ ሳታፍሩ ተናገሩ። እኔ አፍሬ መጀመሪያ «በሶሉሽን ነው» ብያት ነበር፤ ሐኪሟ ሁለተኛ ስትጠይቀኝ ነው የጄሪካኑን ነገር የነገርኳት። ያኔ ነው ምርመራውን የቀየረችው።