«ተወልጄ ያደግሁት…» ከማለታችሁ በፊት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ እዚህ ደብረ ማርቆስ የምንነጋገረው ስለ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ቅጥር ኮሚቴው ፊት እንደተቀመጣችሁ «እስኪ ራስህን አስተዋውቀን»፣ «ራስሽን አስተዋውቂን» ትባላላችሁ። ብዙው ሰው ታዲያ «ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ ማቻከል ወረዳ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን…» ብሎ ይጀምራል። ታሪኩ ዩኒቨርሲቲ ሳይደርስ የኮሚቴው ጆሮ ይደክማል፤ የሚያስቀጥረው ነገር ሳይነገር ይቀራል።

የትውልድ ቦታ የሚጠቅመው ከሥራው ጋር ሲገናኝ ነው። ስናን ወረዳ የድንች ዘር ባለሙያ ቢፈለግ፣ በጮቄ ደጋ ድንች ሲተከልና ሲቆፈር እያየ ያደገ ሰው ይናገረው፤ ቁም ነገር ነው። ለባንክ ገንዘብ ተቀባይነት ግን ምንም አይጨምርም።

ስማችሁን ከነአባት ስማችሁ፣ ቀጥሎ ሙያችሁን ተናገሩ። ከዚያ በእጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ሥራ፣ በመጨረሻም ያ ሥራ ለዚህ መደብ ምን እንደሚጠቅም። ከጊዜው ግማሹን ለሠራችሁት ሥራ ስጡት። አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ ቡሬ ላይ ለዘይት ፋብሪካ ብትወዳደር እንዲህ ልትል ትችላለች፦

«ለተግባር ልምምድ 2 ወር አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ስቆይ የመጋዘን ደረሰኞችን ከስቶክ ካርዱ (የዕቃ ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ካርድ) ጋር አመሳክር ነበር። ከቆጠራው ጋር የ12 ኩንታል ልዩነት አገኘሁ። ምክንያቱ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝ መሆኑን ለይቼ ለኃላፊዬ አሳወቅሁ። እናንተም የቅባት እህል በኩንታል ስለምትረከቡ ሥራው እንግዳ አይሆንብኝም።»

ልብ በሉ፤ «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ» አላለችም። 12ቱ ኩንታል ተናግረውላታል።

እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይይዘናል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው፤ ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት፣ ስለ ራስ አለማውራት ጨዋነት ነው። ይህን ጨዋነት ጣሉት አልልም፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የመመረቂያ ጥናታችሁን «ሠራን፣ አጠናን» ብላችሁ ብቻ ስታልፉ ኮሚቴው የእናንተን ድርሻ ማወቅ አይችልም። «አራት ሆነን አጠናን፤ መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» በሉ። ይህ እውነት እንጂ ጉራ አይደለም። አክብሮታችሁን «እርስዎ» በማለት፣ ጠያቂው ሳይጨርስ ባለማቋረጥ አሳዩ፤ ዓይናችሁ ግን ወለሉ ላይ አይቅር፤ የጠየቃችሁን ሰው እያያችሁ መልሱ።

ሌላው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝኛ ስትጠየቁ ሰኔ 2017ን ጁን 2025 ማለት ይገባል። በቃል አንዱን፣ በሲቪው ላይ ሌላውን ከተጠቀማችሁ በመካከል 8 ዓመት የጠፋ ይመስላል፤ ጥያቄው ወደዚያ ያመራል።

ቃል በቃል ግን አትሸምድዱ። አንዲት ቃል ስትጠፋ የቀረውም አብሮ ይጠፋል። የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አጥኑ፤ የመሐሉን በሦስት ቃል ያዙት፤ ለልጅቷ «ደረሰኝ፣ 12 ኩንታል፣ ምክንያቱ» ይበቃታል። ስልካችሁ ላይ ቅዱትና አዳምጡ። ከ2 ደቂቃ ካለፈ ከትምህርት ቤቱ ታሪክ ላይ ቀንሱ፣ ከሥራው ላይ አትቀንሱ። ድንጋጤ ንግግርን ስለሚያፈጥን፣ ከተቀመጣችሁ በኋላ አንዴ በረጅሙ ተንፍሳችሁ ስማችሁን ቀስ ብላችሁ ጥሩ፤ የቀረው ያንኑ ፍጥነት ይከተላል። ስትጨርሱም ዝም በሉ። ዝምታው ከብዷችሁ «እንግዲህ ይኸው ነው፣ ብዙም ልምድ የለኝም» ብላችሁ የገነባችሁትን አታፍርሱ። ማስታወቂያው «0 ዓመት» ካለ ልምድ እንደሌላችሁ አውቀው ነው የጠሯችሁ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። በእጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ሥራ፣ ቢያንስ አንድ ቁጥር ያለበትን፣ በ3 ዓረፍተ ነገር ጻፉና አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው በቃላችሁ ንገሩት። 10 ደቂቃ አላችሁ።