መቆም የነበረባቸው ሰዎች

እንደምን አመሻችሁ! ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው የማወራችሁ። ግን ስለ ተኳሾቹ አይደለም። አውሮፕላን ተመትቶ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ሰዎቹን ከውሃ ለማውጣት ስለሚሄዱት ነው። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1940 እንግሊዝና ጀርመን ባሕሩ ላይ በአየር ሲዋጉ፣ ጀርመኖች ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የነፍስ አድን ክፍል ነበራቸው። እንግሊዞቹ ግን ይህ ነው የሚባል ዝግጅት አልነበራቸውም። ስለዚህ ከሚነድ አውሮፕላን ዘሎ፣ ፓራሹቱ ተከፍቶለት፣ በሰላም ውሃው ላይ ያረፈ ወጣት እዚያው በብርድ ደንዝዞ ይሞት ነበር። ከጥይት የተረፈን ልጅ ብርድ ሲጨርሰው! ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በ1941 እንግሊዞቹም የራሳቸውን የነፍስ አድን ክፍል አደራጁ። መሪ ቃላቸው «ባሕሩ አይወስዳቸውም» የሚል ነበር። ጀልባዎቻቸው ርዝመታቸው 19 ሜትር ገደማ ሲሆን ሦስት ሞተር አላቸው፤ እያንዳንዱ 500 የፈረስ ጉልበት። ይበራሉ ማለት ይቻላል። ግን ከእንጨት ነው የተሠሩት፣ የሚሄዱትም በቤንዚን ነው። እንጨትና ቤንዚን ጥይት ሲያገኛቸው ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ። ነሐሴ 1942 በፈረንሳይ ጠረፍ በዲየፕ ውጊያ ላይ የወደቁ አብራሪዎችን ለማንሳት ወጡ። የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ከላይ ወረዱባቸው፣ ጀልባዎችም ሰዎችም እዚያው ቀሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ተዋጊ አብራሪ ተኩሶ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ነው መከታው። አዳኙ ግን መቆም አለበት። የቆሰለ ሰው እየሮጡ አይነሳም። ሞተሩን ቀንሶ፣ ጠጋ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዘይትና በደም የተለወሰ፣ ራሱን መርዳት የማይችል ከባድ ሰው ጎትቶ ማውጣት አለበት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጠላት እያየው።

ናታን ጎርደን የሚባለውን አሜሪካዊ ውሰዱ። የሚያበረው ካታሊና ይባላል፣ ውሃ ላይ የሚያርፍ ትልቅና ዘገምተኛ አውሮፕላን ነው። የካቲት 15 ቀን 1944፣ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ በምንላት አገር፣ ካቪዬንግ ወደብ ላይ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ተመትተው ወደቁ። ወደቡ በጃፓኖች እጅ ነው። ጎርደን መድፎቹ እየተኮሱበት ሦስት ጊዜ አርፎ 9 ሰው አወጣ። ከአቅሙ በላይ ጭኖ ተነሣና ወደ ቤቱ ጉዞ ጀመረ። ያኔ ሌሎችም ቀርተዋል የሚል መልእክት መጣ፤ በጎማ ጀልባ ላይ፣ ከጠላት ዳርቻ 550 ሜትር ያህል ብቻ ርቀው። ተመለሰ! አንዴ ከዚያ እሳት ወጥቶ ተመለሰና 6ቱን ጨመረ። ባጠቃላይ 15 ሰው። የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ሰጡት፣ ይገባዋልም።

ሁሌ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን የሌላው አሜሪካዊ አብራሪ፣ የአድሪያን ማርክስ ታሪክ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1945 ኢንዲያናፖሊስ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰመጠች። ወደ 1,200 የሚጠጋ ሰው ነበረባት። መርከቧ መጥፋቷን ያስተዋለ የለም። ሰዎቹ በውሃ ጥምና በሻርክ መሃል ቀናት ቆዩ። በአራተኛው ቀን አንድ ቃኚ አውሮፕላን በአጋጣሚ አያቸው። ማርክስም በካታሊናው ደረሰ።

በዚያ ማዕበል ላይ ማረፍ ክልክል ነበር፣ ትእዛዝ አለ። ማርክስ ግን ሻርኮቹን ከላይ እያየ ነው። የራሱን ሰዎች ጠየቀ፣ ሁሉም እሺ አሉት፣ ወረደ። አውሮፕላኑ ማዕበሉን ሲመታ የሆዱ ብረት የተያያዘበት ምስማር ተነቃቅሎ ውሃ መግባት ጀመረ። ቀዳዳዎቹን በምን ደፈኗቸው መሰላችሁ? በእርሳስ። አዎ፣ በምንጽፍበት እርሳስ።

ቀድሞ ያነሣው ለብቻቸው የሚንሳፈፉትን ነው፣ ሻርክ የሚቀድመው እነሱን ስለነበር። በቡድን የተያያዙት ትንሽ ይቆያሉ ብሎ አለፋቸው። እየጮሁለት፣ እጃቸውን እያውለበለቡለት! እንዴት እንደቻለው እግዚአብሔር ይወቅ። የአውሮፕላኑ ሆድ ሲሞላ ክንፉ ላይ አወጣቸውና እንዳይወድቁ በፓራሹት ገመድ አሰራቸው። 56 ሰው። ከዚህ በኋላ መነሣት አይታሰብም። ሲመሽ እነሱም እንደሌሎቹ ውሃው ላይ ቀሩ።

ሴሲል ዶይል የምትባል መርከብ በጨለማ እየመጣች ነበር። አካባቢው የሰርጓጅ መርከብ ስጋት ያለበት ነው፣ መብራት ማብራት ራስን ማጋለጥ ነው። አዛዡ ግን ትልቁን መብራት ወደ ሰማይ አበራው፣ ውሃ ውስጥ ያሉት አይተው እንዲጽናኑ። ክንፉ ላይ የታሰሩትም አዩት።

ከኢንዲያናፖሊስ ሰዎች በሕይወት የተረፉት 316 ናቸው። የማርክስ ካታሊና ዳግመኛ አልበረረም። ሰዎቹን ካወጡ በኋላ ዶይል በመድፍ መትታ አሰጠመችው።