የቼስተር እግር

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ጌትዬ የለም። ለምን እንደሌለ ታውቃላችሁ፣ እዚያ ውስጥ አንገባም።

ካንሳስ ሄጄ መጣሁ። የምሬን ነው! «አንተ ወሬ ብቻ ነህ» ብላችሁ የተወራረዳችሁ ክፈሉ። መኪናዋም ደርሳ ተመልሳለች። ጭብጨባ ይገባታል።

መንገዱን አልተርክላችሁም። ከዴንቨር ሊመን፣ ከሊመን በ287 አውራ ጎዳና ላማር፣ ከላማር በ50 ወደ ምሥራቅ። ሜዳ ነው። ከዚያ ሌላ ሜዳ። ከዚያ የከብት ማድለቢያ ሽታ፣ መስኮት ብትዘጉም የሚገባ። ዶጅ ሲቲ ድሮም ዛሬም በከብት የምትኖር ከተማ ናት። ድሮ ከቴክሳስ ተነድተው ይመጡና በባቡር ይጫኑ ነበር፤ ዛሬ ስጋ ፋብሪካ አለ። ከእኛው አካባቢ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ሄደው እዚያ የሚሠሩም አሉ።

ደግሞ «ገንስሞክ»፣ ያ የድሮ የአሜሪካ የካውቦይ ቲቪ ትዕይንት፣ የዶጅ ሲቲ ታሪክ ይሁን እንጂ በአብዛኛው የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ነው። ከተማዋ ግን ገንስሞክ የሚባል መንገድ አላት። ቡት ሂል ሙዚየም ግቢ ውስጥ ደግሞ የጥንቱን ፍሮንት ስትሪት አስመስለው ገንብተውታል። ቆማችሁ ስታዩት የቱ የቱን እንደቀዳ ግራ ይገባችኋል። ለማንኛውም...

ይሄን ላወራ አልነበረም።

ምሳ ዕቃዋን ነው። አላዲን የሚባል ኩባንያ በፈረንጆቹ 1959 ያወጣት የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ፣ የገንስሞክ ጀግና፣ ሕግ አስከባሪው ማርሻል ማት ዲለን ያለባት። ሰብሳቢዎች የሚያብዱባት አንድ ዓይነት አለች፤ «ማርሻል» የሚለው በሁለት ኤል የተጻፈባት። የፊደል ስህተት ናት፤ ከትክክለኛዋ በላይ ትወደዳለች። እኔ ያገኘኋት ባለ አንድ ኤሏን ነው። ጠርዟ ዝጓል፣ እጀታዋ ደህና ነው።

ስሟን የማልነግራችሁ ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የአሮጌ ዕቃ ቤት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስገባም ቀና አላሉም። ወረቀቷ ላይ 180 ዶላር ይላል። አንስቼ አገላበጥኳት። ከፈትኳት። ያኔ ነው ቀና ያሉት።

«ትዕይንቱን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ አልኩ። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ቼስተር የሚያነክሰው በየትኛው እግሩ ነበር?»

ቼስተር የማት ዲለን ረዳት ነው፣ አንካሳው። እዚህ ጋ ነው ችግሩ። «በቀኝ» ብል ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል። እኔ ግን ምሳ ዕቃዋን እንደያዝኩ፣ ቀኝ እግሬን ግትር አድርጌ፣ በመደርደሪያዎቹ መሃል መራመድ ጀመርኩ። እየጎተትኩ። እስከ ሳህኖቹ ድረስ ሄድኩ። ዞሬም ተመለስኩ! እንዲያውም «ሚስተር ዲለን!» ብያለሁ፣ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ።

ሽማግሌው በሳቅ ሞቱ። እንባቸውን ጠረጉ። «መቶ ስጠኝና ውሰዳት» አሉ።

እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይሄን አልክድም። ለዓመታት ሌሊት ፓርኪንግ ጥበቃ ቤት ውስጥ ያቺን ቲቪ ብቻዬን ሳይ የነበርኩ ሰው፣ ስለ ቼስተር የሚያወራኝ ሰው አገኘሁ።

በነገራችን ላይ ቼስተርን ሆኖ የሠራው ዴኒስ ዊቨር እግሩ ደህና ነበር። አትሌት ነበር ሰውዬው። በ1948 ለኦሊምፒክ በዲካትሎን ማጣሪያ ተወዳድሯል። ሮጦ፣ ዘሎ፣ ጦር ወርውሮ የሚኖር ሰው፣ ከ1955 እስከ 1964 ጉልበቱን ሳያጥፍ ሠራ። ቡና ሲያፈላ እንኳ አላጠፋትም። እሱ ከሄደ በኋላም ትዕይንቱ እስከ 1975 ቀጠለ፤ 635 ክፍል። በ1967ማ የቲቪ ጣቢያው ሲቢኤስ ዘግቶት ነበር። የጣቢያው አለቃ ዊሊያም ፔሊ ነው «መልሱት» ያለው። ቦታ ለመልቀቅ «ጊሊጋንስ አይላንድ» የሚባል ሌላ ትዕይንት ተሰረዘ። የጊሊጋን ወዳጆች ካላችሁ... አዝናለሁ። አላዝንም።

ምን እያልኩ ነበር?

አዎ፣ መኪና ውስጥ ገባሁ። ምሳ ዕቃዋን ጎኔ አስቀመጥኩ። አልነሳሁም። ለምን ተራመድኩ? እያልኩ። ማን ተራመድ አለኝ?

ምክንያቱም እኔ ስከፍል አንድ ወጣት ባለ ባርኔጣ ገብቶ ነበር። «ቦናንዛ» የሚባል የሌላ ካውቦይ ትዕይንት ኩባያ አነሳ። ሽማግሌው ዋጋውን ነገሩት፣ ከፈለ፣ ወጣ። አባትየው ማን ነበር፣ ሆስ ስንተኛው ልጅ ነው፣ ምንም የለም። እኔ ነኝ የተጠየቅኩት።

ግን ቆይ። ልጁ ሰላምታም አልሰጠም። እሱን ምን ብለው ይጠይቁታል? እኔን እኮ ቡና ቀድተውልኛል። ስለ ፔርሙዙ እንኳ ሳልጠይቅ ነግረውኛል፤ ውስጧ ያለው የሌላ ምሳ ዕቃ ነው፣ የካውቦይ ፊልም ተዋናዩ የሮይ ሮጀርስ። ደብቀው ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። ክፉ ሰው እንዲህ አያደርግም። ክፉ ናቸውም አላልኩ። ፈተና ነበር ወይስ ጨዋታ፣ እሱ ነው የማይለይልኝ። ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ለምን ሰማንያ ዶላር ቀነሱልኝ? ለእውቀቴ ነው ለጭፈራዬ?

ጌትዬ «ሰማንያ ዶላር አተረፍክ፣ ምን ያለቃቅስሃል» ብሎኛል። ጌትዬ ሁሉንም ነገር በዶላር ነው የሚያስበው፣ ታውቁታላችሁ። ግን እኮ... እሱም ልክ ሊሆን ይችላል።

ስወጣ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቻቸው ነበር። የገንስሞኩ ፔርሙዝ ከመጣ ይደውሉልኝ ብዬ። ትናንት ደወሉ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አላነሳሁም። መልእክት ትተዋል። ፔርሙዙ ተገኝቷል፣ ክዳኑ የለውም፣ ይላሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ለመሆኑ ፌስተስ በቅሎውን ማን ብሎ ነበር የሚጠራት?»

ፌስተስ ከቼስተር ቀጥሎ የመጣው የዲለን ረዳት ነው። በቅሎዋ ሩት ነዋ። ሩት ናት፣ ማንም ያውቃል። ስሰማው ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ... እንጃ። ደውዬ ልበላቸው? ቅዳሜ እሠራለሁ፣ ሰኞ ይሆናል። ወይ በጽሑፍ ልላክላቸው፣ ግን እሳቸው ጽሑፍ የሚያዩም አይመስለኝ...