ከ13 ቁጥር ክር ወደ 9 ቁጥር፦ የጊታር ምርጫችን ለምን ይለዋወጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ጊታር ነው። ጊታር የሚጫወት ሰው ከመሣሪያው የሚፈልገው ነገር በዕድሜው ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ ትንሽ ላውጋችሁ። ዓመተ ምህረት ስጠራ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጊታር ሊገዙ ያሰቡ ልጆች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። "የትኛው ነው ጥሩ?" ይሉኛል። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ምን ልትጫወትበት? የት? ተቀምጠህ ነው ቆመህ? ምክንያቱም ጥሩ የሚባለው ጊታር ራሱ በየዘመኑ ሲቀያየር ኖሯል። ዛሬ ሁሉም የሚመኘው ጊታር በአንድ ወቅት ፈላጊ አጥቶ ከምርት የወጣ ነው።

ሌስ ፖል የሚባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር ውሰዱ። ጊብሰን የሚባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ኩባንያ ያወጣው በ1952 ነው። በ1957 ሃምበከር የሚባለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ ገባለት። ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ የሌላውን የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ያጠፋል። ድምፁም ወፈር፣ ሞላ ይላል። ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት ደግሞ ከመሃል ቢጫ ሆነው ወደ ዳር እየቀሉ የሚሄዱት፣ ሰንበርስት የሚባሉት ናቸው። በጊዜው ግን ገበያቸው ቀዘቀዘ። ጊብሰንም በ1961 ስስና ቀለል ባለ ሌላ ቅርፅ ተካቸው። ከዚያ የብሉዝ ፍቅር የያዛቸው የእንግሊዝ ወጣቶች መጡ። ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜዮል ጋር ሲቀዳ ያንን የተተወ ጊታር ማርሻል አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ድምፁ ተሰንጥቆ፣ ተንዘርዝሮ፣ እንደ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ። በ1968 ጊብሰን ሌስ ፖልን እንደገና ማምረት ጀመረ። ዛሬ የእነዚያ ሦስት ዓመታት ጊታሮች በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣሉ።

እንጨቱ ያው ነው፣ ሽቦውም ያው ነው። ሰው ከጊታር የሚፈልገው ሥራ ግን ተቀየረ። በ1950ዎቹ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ተስማምቶ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነበር የሚፈለገው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ብቻውን እንዲዘፍን ተፈለገ።

ጃዝማስተርም እንደዚሁ ነው። ሌላው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ፌንደር በ1958 ለጃዝ ተጫዋቾች ብሎ ሠራው። የጃዝ ሰዎች ብዙም አልፈለጉትም። ዓመታት አልፈው ያገለገሉ ጃዝማስተሮች በርካሽ ሲገኙ፣ ኪሳቸው ባዶ የሆነ የፓንክና የአልተርኔቲቭ ሮክ ልጆች ገዟቸው። የእነዚያ ልጆች ሙዚቃ ሲወደድ ጊታሩም ተወደደ። ዋጋው ሰማይ ነካ።

ይሄ ታሪክ ለኛ ቅርብ ነው። እጃችን የገባው ነገር ነው ጣዕማችንን የሚሠራው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊታሪስት የመጀመሪያ ጥሩ ጊታሩን ያገኘው ከውጭ በመጣ ሰው ሻንጣ ነው። መምረጥ የሚባል ነገር የለም። የመጣውን ትይዛለህ፣ ከያዝከው ጋር ትላመዳለህ፣ በኋላ ያ የለመድከው "ጥሩ ጊታር" ማለት ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። በካሴት ዘመን መሣሪያውን አናየውም ነበር። የአይቤክስንና የሮሃ ባንድን ሥራዎች ስንሰማ የሰላም ስዩምን ጊታር እናውቃለን፤ በጆሯችን ብቻ። ምን ዓይነት ፒክአፕ እንዳለው፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ የሚነግረን የለም። አጠር ያለ ሀረግ ይጫወታል፣ ለዘፋኙ ቦታ ይለቃል፣ ተመልሶ ይገባል። እኛ የምንሮጠው ያንን ድምፅ ከያዝነው ጊታር ለማውጣት ነው። የዛሬ ልጆች ጊታሩን ቀድመው የሚያውቁት በዓይናቸው ነው። ዩቲዩብ ላይ የእንጨቱን ዓይነት፣ የፍሬቱን፣ ጣት በሚጫንበት እንጨት ላይ በአግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ቁመት ሳይቀር ያጠናሉ። እውቀታቸው ያስቀናኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ድምፁን ቀድሞ ማወቅን የመሰለ ነገር የለም ብዬ አምናለሁ።

እሺ፣ አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልግባ። ክር።

ጊታሪስት ስለ ክር ውፍረት ሲያወራ በቁጥር ነው። ናይን፣ ቴን፣ ኢለቨን እንላለን። ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ነው። 9 ቁጥር ሩብ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። 13 ቁጥር የሚሊሜትር ሲሶ ገደማ ነው። ልዩነቱ ለዓይን ምንም ነው፤ ለጣት ግን ሌላ ዓለም ነው። ምክንያቱም የክሩ ውጥረት የሚጨምረው በውፍረቱ ስኩዌር ነው። በአንድ ዓይነት ድምፅ ከተቃኙ 13 ቁጥሩ ከ9 ቁጥሩ እጥፍ ያህል ይወጠራል።

ወጣት ሳለሁ ወፍራም ክር ነበር የምወደው። የዚያን ጊዜ ጀግናዬ አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮን ነበር። እሱ 13 ቁጥር ይገጥምና ጊታሩን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኘዋል። ጣቱ እየተሰነጠቀ በሙጫ እስከማጣበቅ ደርሷል። ወፍራም ክር በኃይል ስትመታው አይንቀጠቀጥብህም፣ ድምፁ ይቆማል። እኔም ያንን ኃይል እፈልግ ነበር። የምጫወተው ሙዚቃ በአብዛኛው ሪትም ስለነበር ክሩ ለሥራዬ ተስማምቶኝ ነበር። ምቱን መያዝ፣ ከከበሮው ጋር መቆለፍ፣ ያ ነበር ሥራዬ።

ከዚያ ሊድ፣ ማለትም ዜማውን ከፊት ሆኖ መጫወት ስጀምር ነገሩ ተቀየረ። ትዝታ ስትጫወት ማሲንቆ ጆሮህ ውስጥ አለ። ማሲንቆ ደግሞ ፍሬት የለውም። ጣቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ይቆያል፣ ይንቀጠቀጣል። በጊታር ያንን ለማምጣት ክሩን ወደ ጎን መሳብ አለብህ፤ በጣም በዝግታ፣ በቁጥጥር። በወፍራም ክር ጉልበትህ ሁሉ የሚያልቀው ክሩን ለማንቀሳቀስ ነው። ለቅላፄው የሚተርፍ ነገር የለም። ቀስ በቀስ ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 9 ወረድኩ። አሁን ክሩ ሲነካ እሺ ይለኛል።

ከታላላቆቹም በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። የዚዚ ቶፕ ባንድ ጊታሪስት ቢሊ ጊበንስ ደጋግሞ የሚያወራው ነገር አለ። የብሉዝ ጌታው ቢቢ ኪንግ የጊበንስን ጊታር ወሰድ አድርጎ ሞከረና፣ በዚህ ወፍራም ክር ለምን ትለፋለህ አለው። ከዚያ በኋላ ጊበንስ እየቀነሰ እየቀነሰ 7 ቁጥር ድረስ ወረደ። የሱን ድምፅ የሰማ ሰው ደግሞ ቀጭን ነው አይልም! የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚን ስታስቡ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ፋብሪካ ውስጥ በደረሰበት አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጣ። ክር የሚይዝበት እጅ ነው የተጎዳው። ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር ፈለገ፣ ኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ጀመረ። ያ የሄቪ ሜታል ከባድ ድምፅ አንዱ ምንጩ እዚህ ነው። የተጎዳ እጅ ምቾት ፈልጎ አንድ የሙዚቃ ዓይነት ወለደ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ወደ ኔኩ፣ ወደ ጊታሩ አንገት ልምጣ። የድሮዎቹ ፌንደሮች ጣት የሚያርፍበት እንጨታቸው ጎበጥ ያለ ነው፤ የክበቡ ሬዲየስ 7.25 ኢንች። ለኮርድ እጅ ላይ ልክ ነው። ክር ስትስብ ግን ከላይ በኩል ክሩ ፍሬት ይነካና ድምፁ ይሞታል። ጊብሰን 12 ኢንች ነው፣ ጠፍጠፍ ይላል። በ1980ዎቹ ፍጥነት ሲነግሥ ኢባኔዝን የመሳሰሉት ይበልጥ ጠፍጣፋና በጣም ስስ ኔክ ይዘው መጡ። ወጣቱ ሁሉ ስስ ኔክ ፈለገ። እኔም ስስ ኔክ እወድ ነበር፣ ይበራል። አሁን ደግሞ መዳፌን የሚሞላ ወፈር ያለ ኔክ ነው የምፈልገው። ለረጅም ሰዓት ስጫወት ስሱ ላይ አውራ ጣቴ ሥር ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል። በወፍራሙ ላይ እጄ ያርፋል። ሠርግ ላይ ወይም ክለብ እስከ ሌሊት የሚጫወት ሰው ይሄን ያውቀዋል።

ወጣት ሆኜ ፈጽሞ ያላሰብኩት ነገር ደግሞ የአየሩ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በበጋ ትደርቃለች። እንጨቱ ይኮማተርና የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ እጅ ይቧጭራል። ክረምት ሲገባ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ኔኩ ይንቀሳቀሳል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል። አሁን ጊታር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው በኔኩ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በቀላሉ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ነው። የተጠበሰ ሜፕል የሚባለው እንጨትም ልቤን የገዛው ለዚህ ነው። በሙቀት ስለደረቀ ከወቅት ወቅት ብዙ አይናወጥም። ቀለሙም ያምራል፣ እሱን አልክድም።

የፍሎይድ ሮዝ ነገር አጭር ነው። ብሪጅ ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል ነው፤ ፍሎይድ ሮዝ ክሩን ከሁለቱም ጫፍ ቆልፎ የሚይዝ ዓይነት ነው። በእጀታው ክሩን እስኪላላ ታወርዳለህ፣ ስትለቀው ቅኝቱ ይመለሳል። ኤዲ ቫን ሄለን፣ ስቲቭ ቫይ ተአምር ሠርተውበታል። ግን መድረክ ላይ አንድ ክር ከተበጠሰ፣ ብሪጁ በስፕሪንግ ሚዛን የተንሳፈፈ ስለሆነ የቀሩት አምስቱም ቅኝታቸውን ያጣሉ። ዘፋኙ ግጥሙ መሃል ነው፣ አንተ ብሪጁን የምትፈታበት ቁልፍ ፍለጋ ላይ ነህ። ሁለተኛ ጊታር ከጎኑ ለሌለው ሰው ይሄ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ብዙ የኛ ተጫዋቾች የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ወደሚወዱበት ደረጃ የሚደርሱት። ክብደትም አለ። ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ ሌስ ፖል በሃያ ዓመትህ አይሰማህም፤ በኋላ ትከሻህ ይነግርሃል።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረኝ የፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት የዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተር፣ የፌንደር ጊታር፣ ነው። በ1970 ኒውዮርክ ነው የገዛው። ፒክአፑን ቀየረ፣ ኔኩን ደጋግሞ ቀየረ። በ1980ዎቹ እንጨቱን አስቆፍሮ ኬለር የሚባል ዘመናዊ ብሪጅ አስገጠመለት። በኋላ እሱን አስነቅሎ የተቆፈረው በእንጨት ተደፈነ፣ የድሮው ዓይነት ብሪጅም ተመለሰ። በ2019 ለጨረታ ሲያቀርበው 3.975 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። ገንዘቡን ለአየር ንብረት ሥራ ሰጠው። ያ ጊታር ላይ ያሉት ጠባሳዎች የአንድ ሰው የጣዕም ታሪክ ናቸው። በየጊዜው የሚሠራው ሙዚቃ የጠየቀውን እየጨመረ፣ ያልፈለገውን እያነሳ ነው የሄደው። ጠንካራ ተጫዋች ማለት ለኔ እንደዚህ ነው። ትናንት የወደድኩት ስለሆነ ብሎ አይታሰርም።

እኔም አሁን ሌላ ነገር ጀምሮኛል። ኤሌክትሪክ ጊታሬ እያለ ዓይኔ ናይሎን ክር ያለው ቦክስ ጊታር ላይ ነው። በፒክ ሳይሆን በጣቴ፣ ክራር ሲደረደር እንደሚሰማው አድርጌ መጫወት እፈልጋለሁ። ለዚያ ክሮቹ መራራቅ አለባቸው። የኤሌክትሪክ ጊታር ኔክ ከራሱ በኩል ስፋቱ ከ42 እስከ 43 ሚሊሜትር ነው፤ ክላሲካሉ 52 ገደማ ነው። አንድ ሳንቲሜትር የማይሞላ ልዩነት ነው፣ ግን የቀኝ እጅ ጣቶች መተንፈሻ ያገኛሉ። ችግሩ የግራ እጄ ነው። ለዓመታት ጠባብ ኔክ የለመደ እጅ ሰፊው ላይ ሲወጣ ይዘረጋል፣ ይደክማል። በተለይ አንቺሆዬ ላይ። መሃል ላይ ያለ፣ 48 አካባቢ የሆነ፣ ናይሎን ክር ያለው ጊታር እንደሚሠራ አውቃለሁ። እጄ ላይ አድርጌ ግን አልሞከርኩትም።

እንደዚህ ዓይነት ጊታር ይዛችሁ የኛን ቅኝቶች በጣት የምትጫወቱ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ክሩ ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ በበጋ ኔኩ እንዴት እንደሚሆን፣ አንቺሆዬ ላይ እጃችሁ ምን እንደሚል ንገሩኝ። በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ። ቸር እንሰንብት።