ላቡና ልቡ

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! የዛሬው ንግግሬ አጭር ነው። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ሄልሲንኪ የመጣሁ ሰሞን ነው። የምኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት የጋራ ሳውና፣ ማለትም በጋለ ድንጋይ የሚሞቅ የላብ ክፍል፣ አለው። አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ይዘውኝ ገቡ። እኔም ጀግና ነኝ ብዬ ከላይኛው አግዳሚ ወጥቼ ጉብ አልኩ። ሰውየው በጭልፋ ውሃ ቀድተው የጋለው ድንጋይ ላይ ቸለስ አደረጉት። ፊንላንዶች ያን እንፋሎት «ሎይሉ» ይሉታል። የጆሮዬ ጫፍ ነደደ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ወደ ታችኛው አግዳሚ ወረድኩ። ሽማግሌው ዞር ብለውም አላዩኝ፤ ሌላ ጭልፋ ደገሙ።

እኛ ጋ ወሬው ሁሉ ስለ ላብ ነው። አዲስ አበባ ስቲም የሚገባው ግማሹ ክብደት ሊቀንስ፣ ግማሹ «መርዝ ሊያስወጣ» ነው። በእርግጥ አንዴ ገብቶ እስኪወጡ ግማሽ ኪሎ ያህል ላብ ሊወጣ ይችላል። ግን ውሃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጡ ይመለሳል። ቆሻሻ ማጣራቱን ደግሞ ጉበትና ኩላሊት ይዘውታል፤ አትጨነቁላቸው።

ዋናው ጨዋታ ያለው ልብ ጋ ነው። 80 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ሳውና ውስጥ ቆዳችን ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ሰውነት ሙቀቱን ለማስወጣት ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ልብም ቁጭ ባላችሁበት በደቂቃ 100፣ አንዳንዴም እስከ 150 ይመታል። ዳገት የወጣችሁ ያህል ነው፤ እግራችሁ ግን ንቅንቅ አላለም።

በምሥራቅ ፊንላንድ፣ ኩዎፒዮ አካባቢ፣ ተመራማሪው ያሪ ላውካነንና ባልደረቦቻቸው 2,315 ጎልማሳ ወንዶች ለ20 ዓመት ያህል የተከታተሉበትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 አወጡ። በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት፣ አንዴ ብቻ ከሚገቡት ይልቅ፣ ልባቸው በድንገት ቆሞ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ቁጥር ሲያምር እጠረጥራለሁ። መጀመሪያውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ሳውና ያዘወትር ይሆናል። ጥናቱ ያየውም ወንዶችን ብቻ ነው፤ እህቶቼ፣ ቅር አይበላችሁ።

በቅርቡ ልቡን የታመመ ወይም ደረቱን የሚወጋው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ስትነሱ ቀስ በሉ። የደም ሥር ሲሰፋ ግፊት ይወርዳል፤ ድንገት ብድግ ካላችሁ ዓይናችሁ ጭልም ይልና መሬት ላይ ትገኛላችሁ። ለጀማሪ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መጠጥ ቀምሶ መግባት ግን ጭራሽ አይሞከርም።

ንግግሬን ያሳጠርኩት ለዚህ ነው፦ የዚህ አዳራሽ ምድር ቤት ሳውና ከ12 ሰዓት ጀምሮ ለኛ ተይዟል። ሴቶች ቀድመው፣ ወንዶች ከ1 ሰዓት በኋላ። ፎጣ በሩ አጠገብ አለ። ቢራችሁን እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ተዉት፤ ማንም አይነካባችሁም።